የቅባት እድፍን ከልብስ ማስለቀቅ፦ ከካዛንቺስ ምግብ ቤት እስከ ላንቻ ጋራዥ

ልብስ ላይ የፈሰሰ ቅባት በውሃ ብቻ አይለቅም። ውሃና ቅባት አይዋሐዱም፤ ዘይት የነካውን ሸሚዝ ውሃ ውስጥ መንከር ዘይቱን ክሩ ውስጥ እንዳለ ትቶ ዙሪያውን ማርጠብ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ገብቶ የሚያስታርቃቸው ሳሙና ነው። የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፍ ከቅባት ጋር ይጣበቃል፣ ሌላው ጫፍ ከውሃ ጋር ይስማማል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ ጠብታውን ከየአቅጣጫው ሲወጋው ውሃ ወዳዱ ጫፍ ወደ ውጭ ይቀራል፤ ጠብታው ተሰባብሮ፣ በሳሙና ተከቦ ከውሃው ጋር ይወርዳል። የማጠቡ ቅደም ተከተል ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፦ ሳሙናው ከውሃው ይቀድማል፣ ካውያው ከሁሉም በኋላ ይመጣል። በየቤቱ «አልለቅ አለ» የሚባለው እድፍ አብዛኛው በተፈጥሮው ግትር ሆኖ ሳይሆን ይህ ተራ ተገልብጦበት ግትር የተደረገ ነው።

የአዲስ አበባው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የቅባት እድፍ ዓይነት ሁሉ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ሲሆን፣ ዛሬም የቢሮ ሠራተኛ ሰፈር ነው። ሠራተኛው በምሳ ሰዓት ክትፎ ወይም ጥብስ በልቶ ወደ ቢሮው የሚመለሰው ጠዋት በለበሰው ነጭ ሸሚዝ ነው። ወደ ላንቻና ወደ ጎተራ ሲወረድ የመካኒኩ ቱታ ግራሶና የተቃጠለ ዘይት ይጠጣል። በቂርቆስ፣ በዑራኤልና በእስጢፋኖስ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የጧፍ ሰም ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል። ሦስቱ እድፎች ልብሱ ላይ ሲታዩ ቢመሳሰሉም ባሕርያቸው ለየቅል ስለሆነ ሥራው የሚጀመረው በመለየት ነው።

እድፉ ከምን መጣ?

የመጀመሪያው ወገን የምግብ ቅባት ነው፤ ቅቤ፣ የኑግ ዘይት፣ የሱፍ ዘይት፣ የፓልም ዘይት። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ስለማይሞቅ፣ ሸሚዝ ላይ የፈሰሰ የክትፎ ቅቤ ወዲያው ረግቶ ይጠነክራል። የፓልም ዘይትም በብርድ ይረጋል። የኑግና የሱፍ ዘይት ግን ፈሳሽ ሆነው ስለሚቆዩ ከወደቁበት ቦታ ወደ ዙሪያው ይሰፋሉ።

ሁለተኛው ወገን ከነዳጅ የሚወጣው ነው፦ የሞተር ዘይት፣ ግራሶ፣ ናፍጣ፣ ሬንጅ። ፊትና እጅ የሚቀባው ቫዝሊንም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የምግብ ቅባት እንደ አመድ ውሃ ያለ ጠንካራ ነገር ሲያገኘው ራሱ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፤ የነዳጅ ወገን የሆነው ግን አይለወጥም። ስለዚህ ግራሶን በሳሙና ብዛት ማሸነፍ አይቻልም፤ አስቀድሞ የሚያላላው ሌላ ቅባት ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ሰም ነው፤ የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ስለማይቀልጥ በለብታ ውሃ ንቅንቅ አይልም።

እድፉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አጭሩ መንገድ የልብሱን ባለቤት መጠየቅ ነው። ባለቤቱ ልጅ ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ «አላውቅም» ስለሆነ ማሽተት ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ወጥ ወይም ቅቤ ሲፈስ ብዙ ጊዜ የሚደረገው እርጥብ ሶፍት አምጥቶ ማሸት ነው። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ማሸቱ ቅባቱን ወደ ክሩ ውስጥ ያሰርገዋል፣ አንድ ሳንቲም የሚያህለውን እድፍም መዳፍ ያሳክለዋል፤ ሶፍቱም ተበጣጥሶ ሸሚዙ ላይ ነጭ ብናኝ ይተዋል። ጥቁር ሱሪ ላይ ሲሆን ከእድፉ ይልቅ ብናኙ ይታያል። ሎሚ መጭመቅም የተለመደ ነው፤ ሎሚ ለአንዳንድ ቀለም ቢረዳም ቅባትን አይፈታም።

ትክክለኛው አያያዝ እንዲህ ነው። ልብሱ ላይ የቀረው ወፍራም ነገር በማንኪያ ጠርዝ ወይም በቢላ ጀርባ ከዳር ወደ መሃል እየተሰበሰበ ይነሳል። ከመሃል ወደ ዳር ከተሄደ እድፉ ይሰፋል። ከዚያ ደረቅ ሶፍት ከላይም ከታችም ተደርጎ ይጫናል፤ አይታሽም። ሶፍቱ ቅባት መጠጣቱን እስኪያቆም ድረስ እየተቀየረ ይደገማል። ምሳ ላይ ያለ ሰው ሊያደርግ የሚችለው ይህን ያህል ነው፤ ይህንን ብቻ አድርጎ ወደ ቢሮ የተመለሰ ሰው ማታ ግማሽ ሥራው አልቆ ይጠብቀዋል።

ቤት ሲደረስ ፈሳሽ ዘይት በዱቄት ይመጠጣል። ፉርኖ ዱቄት፣ የበቆሎ ዱቄት ወይም የሕፃናት ፓውደር እድፉ ላይ ወፈር ተደርጎ ይነሰነሳል፣ በጣት በስሱ ይጫናል፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይና ይራገፋል። ዱቄቱ ከረጠበ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ አዲስ ዱቄት ይደገማል። የበርበሬ ወይም የሽሮ ዱቄት ለዚህ አይሆንም፤ የራሱን ቀለም ትቶ ይሄዳል። የረጋ ቅቤ ደግሞ በዱቄት ስለማይመጠጥ ይህ እርምጃ ይታለፋል፤ እሱ የሚፈልገው መፋቅ ብቻ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ደረቅ ሥራ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ውሃ እስኪመጣ ልብሱን ሳፋ ላይ ወርውሮ ከመጠበቅ፣ ዱቄት ነስንሶ ለብቻው ማስቀመጥ እድፉ እንዳያረጅ ያግዛል። ለዋናው እርምጃም ቢሆን አንድ ጣሳ ውሃ ስለሚበቃ የውሃ ቀን መጠበቅ ግድ አይደለም።

ዋናው እጥበት

ለቅባት እድፍ ከሁሉም የሚሻለው ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው፤ ብዙ ሰው በአንዱ ምርት ስም «ላርጎ» የሚለው። የተሠራው የድስት ቅባት ለማላቀቅ ስለሆነ ለሸሚዝ ቅባትም ይሆናል። ቀለም ያልገባበት ወይም ቀለሙ የሳሳ ዓይነት ይመረጣል። ከሌለ ደረቅ የልብስ ሳሙና በትንሹ አርጥቦ እድፉ ላይ ማሸት ይቻላል። ኦሞ የሚመጣው ኋላ፣ ልብሱ በጠቅላላ ሲታጠብ ነው።

ሳሙናው ከመፍሰሱ በፊት ልብሱ ቀለም እንደማይለቅ ይፈተናል። በውስጥ በኩል ባለ እጥፋት ላይ አንድ ጠብታ ሳሙና ይደረግና ከአምስት ደቂቃ በኋላ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ይጫናል፤ ነጩ ጨርቅ ካልቀለመ ሥራው ይቀጥላል።

ልብሱ ደረቅ እንደሆነ እድፉ ላይ ሳሙናው ይንጠባጠባል። ደረቅነቱ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፤ አስቀድሞ የረጠበ ጨርቅ ሳሙናውን ያቀጥነዋል፣ ክሮቹም በውሃ ስለሚሞሉ ሳሙናው ቅባቱን አያገኘውም። የአንድ ብር ሳንቲም ለሚያህል እድፍ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ከሥር ያረጀ ንጹሕ ጨርቅ ይነጠፍና ሳሙናው በጣት ጫፍ ወይም ለስላሳ በሆነ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ከፊትም ከጀርባም በቀስታ ይታሻል። በጉልበት የሚደረግ ፍትጊያ የጥጥ ክርን ያሻክራል፣ በጥቁር ልብስ ላይም እድፉ ከለቀቀ በኋላ የማይጠፋ ነጣ ያለ ቦታ ይተዋል። ከታሸ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል። እድፉ ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ሳሙናው ግን እዚያው መድረቅ የለበትም።

ቀጥሎ ውሃ ይመጣል፤ የውሃው ሙቀትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከቧንቧ በቀጥታ የሚቀዳው ቀዝቃዛ ውሃ ቅቤን ያረጋል፣ ስለዚህ ሳሙናው የፈታውን መልሶ ያጠነክረዋል። የሚፈላ ውሃ ደግሞ ቀለም ያስለቅቃል፣ ሰው ሠራሽ ክርን ያጨማድዳል፣ ወጥ ውስጥ ያለውን እንቁላልና የሥጋ ጭማቂም አብስሎ ከክሩ ጋር ያጣብቃል። የሚፈለገው ከሰውነት ሙቀት ትንሽ ከፍ ያለ፣ እጅ ሳይቃጠል የሚቆይበት ለብታ ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ እጅ የፈላ ውሃ ከሁለት እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲደባለቅ፣ የቧንቧው ውሃ እንደ ወቅቱ ቢለያይም፣ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ይህ ቅቤን ለማቅለጥ ይበቃል፣ ልብሱንም አይጎዳም። ነጭ ጥጥ ከዚህ የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ የልብሱ ምልክት ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያው ነው።

ለብ ያለው ውሃ ከእድፉ ጀርባ በኩል ይፈሳል፤ እንዲህ ሲሆን ቅባቱ በገባበት በኩል ይወጣል። ከፊት በኩል ከፈሰሰ ግን ጨርቁን አቋርጦ እንዲያልፍ ይገደዳል። ከዚያ ልብሱ በኦሞ ይዘፈዘፋል፣ እንደ ወትሮው ይታጠባል፣ አረፋው እስኪጠፋ ይለቀለቃል። በማለቅለቅ መቆጠብ አያዋጣም፤ ክሩ ውስጥ የቀረ ሳሙና አቧራ ስለሚስብ ከሳምንት በኋላ እድፉ የነበረበት ቦታ ጥላ መስሎ ይመለሳል፣ ባለቤቱም ቅባቱ የለቀቀ ሳይሆን የተደበቀ ይመስለዋል።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ደረጃ ላይ ተደረሰ። እርጥብ ጨርቅ ሁሉ ጠቆር ስለሚል እድፉ መልቀቁ በእርጥቡ አይታወቅም። ልብሱ ነፋስ ባለበት ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከዚያ መስኮት ዳር በብርሃን ይታያል። ጠርዙ የሚለይ ጠቆር ያለ ቦታ ካለ ሥራው ከሳሙናው ጀምሮ ይደገማል። ካውያ የሚነካው እድፉ ፈጽሞ ካልታየ ብቻ ነው። የካውያ ሙቀት የቀረውን ቅባት አቅልጦ ወደ ክሩ ልብ ያስገባዋል፣ ከአየር ጋር ያለውንም ውህደት ያፋጥናል፤ አንዴ የተተኮሰ የቅባት እድፍን ማስለቀቅ ካልተተኮሰው በእጅጉ ይከብዳል። ሐሙስ ማታ ታጥቦ ዓርብ ጠዋት በጥድፊያ ከነእርጥበቱ የሚተኮስ ሸሚዝ የብዙ ግትር እድፍ መነሻ ነው።

የጨርቁ ዓይነት እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣል። ፖሊስተር ራሱ ከነዳጅ የተሠራ ስለሆነ ከውሃ ይልቅ ለቅባት ያደላል። የተማሪ ዩኒፎርምና ርካሽ ሱሪ በቀላሉ የታጠቡ መስለው ቅባት የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው። ለእነሱ የሚሻለው የውሃውን ሙቀት መጨመር ሳይሆን ሳሙናው ላዩ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ማርዘም ነው።

ወጥና ክትፎ፦ ቅባቱ ሲሄድ የሚቀረው ቀለም

የኢትዮጵያ ማዕድ ቤት ቅባት ብቻውን አይመጣም። ወጥ በርበሬ አለው፣ ንጥር ቅቤ እርድ አለው፣ ክትፎ ሚጥሚጣ አለው። የበርበሬው ቀይ ቀለም በውሃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ቅባቱ ሲወጣ አብዛኛው አብሮት ይወጣል፤ ቅባቱ ሳይለቅ ቀለሙን ለማንጣት መሞከር ግን ድካም ነው።

እርድ የራሱ ጠባይ አለው፣ ያላወቀውንም ያስደነግጣል። ቢጫው የእርድ ቀለም ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣል። ቅቤ የፈሰሰበት ነጭ ሸሚዝ ሳሙና ሲደረግበት ድንገት ደም የመሰለ መልክ ቢያመጣ ልብሱ አልተበላሸም፤ ሳሙናው ተለቅልቆ ሲወጣ ቀይነቱ ወደ ቢጫ ይመለሳል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ደንግጠው በረኪና ያፈሳሉ፤ አስፈላጊ አይደለም። የቀረው ቢጫ በፀሐይ ይጠፋል። የእርድም የበርበሬም ቀለም ለፀሐይ ብርሃን ደካማ ስለሆነ፣ ታጥቦ ገና እርጥብ የሆነ ነጭ ልብስ እድፉ ወደ ፀሐይ ዞሮ አንድ ሁለት ቀን ሲሰጣ ቀለሙ እየሳሳ ይሄዳል። ባለቀለም ልብስ ግን የራሱም ቀለም ስለሚነጣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጣው።

ለዚህ የሚመቸው ሰፊ ግቢና ረጅም ገመድ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር መንደሮች በኮሪደር ልማት ከተነሱ ወዲህ ብዙ የሰፈሩ ሰዎች ወደ ገላን ጉራ ሄደዋል፤ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አያገኝም። በረንዳ ላይ የሚያሰጣ ሰው ፀሐይ በየትኛው ሰዓት እንደምትገባ ለይቶ እድፉን ያንን ሰዓት ወደ ውጭ ቢያዞረው ይበቃዋል። በክረምት ወራት ፀሐይ ስትጠፋ ቀለሙ ለመስከረም ሊቆይ ይችላል፤ ቅባቱ ግን በዚያው ቀን መታጠብ አለበት።

በረኪና ቅባት አያሟሟም። የሚያደርገው ቀለሙን ማንጣት ብቻ ስለሆነ እድፉ የጠፋ ይመስላል፤ ቅባቱ ግን እዚያው ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል። ሱፍና ሐር ላይ ከፈሰሰ ክሩን ይበላል፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥለትንም ያበላሻል። ከሁሉ የከፋው በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ማደባለቅ ነው፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

ያረጀ እድፍ

የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ የሚደርቅና የሚጠነክር ዘይት ነው። የተልባ ዘይት ለቀለም መቀቢያ የሚያገለግለው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ኑግም የተልባ የቅርብ ባልንጀራ ሊባል ይችላል። ልብስ ላይ ለወራት የቆየ የኑግ ጠብታ ዘይት መሆኑ ቀርቶ እንደ ቀጭን ቫርኒሽ ይሆናል፣ ቢጫም ይለብሳል። ቅቤ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ቢሸትም እንደ ኑግ አይደርቅም።

ለደረቀ ዘይት የሚታወቀው ዘዴ ሞኝነት ይመስላል፦ ዘይትን በዘይት ማላላት። አንድ ሁለት ጠብታ አዲስ የምግብ ዘይት አሮጌው እድፍ ላይ ብቻ ይደረጋል፣ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ አዲሱ ዘይት አሮጌውን ሲያላላ ሁለቱም በፈሳሽ ሳሙና አንድ ላይ ይታጠባሉ። ከመጠን በላይ ካልፈሰሰ ይሠራል። ከዚህ በኋላ ልብሱ በለብታ ውሃ ኦሞ ተደርጎበት ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። ብዙ የዱቄት ሳሙናዎች ቅባትና ፕሮቲን የሚበሉ ኢንዛይሞች አሏቸው፤ እነዚህ የሚሠሩት በለብታና ጊዜ ሲያገኙ ሲሆን የፈላ ውሃ ይገድላቸዋል። ነጭ ጥጥ ላይ ቢጫነት ከቀረ ከፋርማሲ የሚገኘው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጥቂት ደቂቃ ተደርጎበት ይለቀለቃል፤ ከበረኪና ይልቅ ለክሩ የዋህ ነው።

በየቤቱ ካሉ ያረጁ እድፎች በብዛት የሚገኘው ከወጥ የመጣ አይደለም። ጸጉራቸውን ለጋ ቅቤ የሚቀቡ እናቶች ነጠላና የትራስ ልብስ ላይ ያለው ነው። እዚህ ላይ ቅባቱ ነጠብጣብ ሳይሆን ስስ ሽፋን ስለሆነ ጠብታ ሳሙና አይደርስበትም። ፈሳሽ ሳሙና ከለብታ ውሃ ጋር ወፈር ተደርጎ ይበጠበጥና ደረቁ የትራስ ልብስ እዚያ ውስጥ ብቻ ለአንድ ሰዓት ይነከራል፤ ኦሞ የሚገባው ያ ውሃ ተደፍቶ ነው። ጸጉር ከታጠበ ማግሥት የትራስ ልብሱን መቀየር ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል።

ቱታ፣ ግራሶና ሬንጅ

የጋራዥ ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብም። መጀመሪያ ወፍራሙ ግራሶ በእንጨት ቁራጭ ይፋቃል፣ ፈሳሹ ዘይት በሰጋቱራ ይመጠጣል፤ ጋራዥ ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት የሚጠረግበት ያው ሰጋቱራ ለቱታም ይሆናል። ከዚያ ግራሶውን ለማላላት የምግብ ዘይት ወይም ጥቂት ላምባ በጨርቅ ተደርጎ እድፉ ይጠረጋል። ላምባ ልብሱ ላይ አይፈስም፤ የሚረጥበው የሚጠርገው ጨርቅ ነው።

ቤንዚን ግን አይነካም። ቶሎ ስለሚያስለቅቅ መካኒኮች ይወዱታል፤ ሆኖም በአዲስ አበባ ብርድም እንኳ ይተናል፣ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ብዙ ሜትር ርቆ ያለ የከሰል ምድጃ ሊደርስ ይችላል። ላምባም ቢሆን ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ነው የሚሠራበት። በላምባ የተጠረገ ልብስ ሽታው እስኪጠፋ ነፋስ ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ በፊት ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ካውያም አይነካውም። ሽታው ሲጠፋ ፈሳሽ ሳሙናው በደረቁ ይደረግበትና ዋናው እጥበት እንደተገለጸው ይቀጥላል፤ ቱታ ወፍራም ጥጥ ስለሆነ ግን ብሩሽና ሞቅ ያለ ውሃ ይችላል። ጨርቅ ላይ የቀረው ላምባና ዘይት ቦይ ውስጥ አይደፋም፤ የሰፈሩ ወንዞች መጨረሻቸው አቃቂ ነው።

የተቃጠለ ሞተር ዘይት የራሱ ጥላ አለው። ዘይቱ ቢለቅም በውስጡ ያለው ደቃቅ የካርቦንና የብረት ብናኝ ክሩ መካከል ይቀራል፤ ይህ ግራጫ ቦታ ቅባት ስላልሆነ በሳሙና ብዛት አይለቅም። ቱታው በእጅ ሲዳሰስ ካልተሙለጨለጨ ታጥቧል ማለት ነው።

የመንገድ ሥራ በበዛባቸው ዓመታት ሬንጅ የእግረኛው ሁሉ ሱሪ ላይ ይታያል። ሬንጅ ለስላሳ ሳለ ከተነካ ይሰፋል። በረዶ በፌስታል ተደርጎ ይያዝበትና ሲጠነክር ይፋቃል፤ የቀረው በቅቤ ወይም በዘይት ይላላል፣ ከዚያ ሳሙና። ይህን ሥራ ከግማሽ ሰዓት በታች የጨረሰ ሰው ብዙም ሬንጅ አልነካውም።

ነጠላ፣ ጋቢና የሀበሻ ቀሚስ

የሸማ ጨርቅ በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ክሮቹ ልቅ ናቸው፤ መፈተግ ክሩን ከቦታው ያንሸራትተዋል፣ ብሩሽም ያበጣጥሰዋል። እዚህ ሳሙናው በጣት ተጫን ለቀቅ እየተደረገ ብቻ ይሠራል። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ አስቀድሞ በእርጥብ ነጭ ጥጥ ይፈተናል፤ የሚለቅ ከሆነ እድፉ ያለበት ቦታ ብቻ ተለይቶ ይታጠባል፣ ጥለቱም ነጩን ሳይነካ ተዘርግቶ ይደርቃል።

የጧፍ ሰም ሳይነሳ ልብሱ አይታጠብም። ሰሙ ጠንክሮ በጥፍር ወይም በቢላ ጀርባ ይነሳል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቢቀመጥ ይቀላል። የቀረው በሁለት ነጭ ወረቀት ወይም በደረቅ ሶፍት መካከል ተደርጎ መጠነኛ ሙቀት ባለው ካውያ ይጫናል፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። ካውያ እድፍ እንዳይነካ የሚከለክለው ደንብ የሚፈርሰው እዚህ ብቻ ነው፤ ቅባቱን የሚቀበል ወረቀት ስላለ። ጋዜጣ አይሆንም፣ የሕትመት ቀለሙ ነጠላው ላይ ይተላለፋል። ወረቀቱ መጠጣት ሲያቆም የተረፈው የሰም ጥላ በፈሳሽ ሳሙና ይታጠባል።

ጋቢ ሲርስ እጅግ ስለሚከብድ አንድ የወጥ ጠብታ ለማስለቀቅ ጠቅላላውን መዘፍዘፍ አያስፈልግም፤ ቦታው ብቻ ይያዛል። ከፋብሪካ ሳሙና በፊት ሸማና ጋቢ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። የደረቀው የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ቅባትን የሚይዘውም እንደ ሳሙና ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የብልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመልክተው ነው። ለነጭ ሸማ እንዶድ ዛሬም ጥሩ ሳሙና ነው፤ ብናኙ ግን ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ይበጠበጣል፣ የታጠበበት ውሃም ወንዝ ውስጥ አይደፋም።

ላውንደሪ የሚሄደው

የሱፍ ኮት፣ ሐርና የልብሱ ምልክት «አይታጠብ» የሚለው ሁሉ ለውሃ አልተሠራም፤ ላውንደሪ ቅባቱን የሚያወጣው ቅባት በሚያሟሟ ፈሳሽ ነው። እዚህ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት ቤት ተሞክሮ፣ በውሃ ታሽቶ፣ በሎሚ ተደግሞ፣ በመጨረሻ ተተኩሶ መውሰድ ነው። ሦስት ጊዜ ታጥቦ ያልለቀቀ የጥጥ ልብስም ቢሆን ለአራተኛ ጊዜ ከመታሸት ለላውንደሪ ቢሰጥ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ከእድፉ በፊት የሚያልቀው ክሩ ነው። የሚሰጠው ሰው እድፉ ዳር ላይ ነጭ ክር በመርፌ አስሮ፣ ምን እንደፈሰሰበትና ስንት ቀን እንደቆየ፣ ቤት ውስጥም ምን እንደተደረገበት ሳይደብቅ ይንገር።